አባትን ለጥፋት ብቻ አንጥራው፦ ለድሬዳዋ ቢሮዎችና አባቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር የጤና፣ የትምህርት እንዲሁም የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን ለሚመሩ ቢሮዎች፤
በከተማዋ ለሚገኙ አሠሪዎች፣ የእድር ሰብሳቢዎችና የሃይማኖት አባቶች፤
ለድሬዳዋ አባቶች በሙሉ፤

ጉዳዩ፦ አባቶች በልጆቻቸው አስተዳደግ የሚሳተፉበት በር እንዲከፈት ስለ መጠየቅ

በዚህች ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የማለዳ የመጀመሪያ ሥራዬ ስም መጥራት ነው። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ልጅ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ስለሆነ፣ በየማለዳው ከአርባ የሚበልጡ ልጆችን ስጠራ ከአርባ የሚበልጡ አባቶችንም አብሬ እጠራለሁ። ‹‹አቤት ቲቸር›› የሚለኝ ግን ልጁ ብቻ ነው። አባቱ ከስም መዝገቡ አልፎ በአካል ወደ ክፍሌ የመጣባቸውን ቀኖች መለስ ብዬ ሳስብ፣ አብዛኞቹ ልጁ መስታወት የሰበረባቸው፣ የተደባደበባቸው ወይም ከትምህርት ቀርቶ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት የዋለባቸው ቀኖች ናቸው።

አባቶቻችን ልጆቻቸውን አይወዱም የሚል አቤቱታ ይዤ አልቀረብኩም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ብናገር የማውቀውን መካድ ይሆንብኛል። የእኔ ጥያቄ አባትን የሚጠራው ማን ነው፣ ለምንስ ይጠራዋል የሚል ነው። እናት ልጇ ሲያስቸግራት ‹‹አባትህ ይምጣ ብቻ!›› ትላለች። መምህር ‹‹ነገ አባትህን ይዘህ ና›› ይላል። ክፍያ ሲደርስ፣ ፊርማ ሲያስፈልግ፣ ልጅ ሲያጠፋ አባት ይፈለጋል። ልጅ ሲወለድ፣ ሲከተብ፣ ፊደል መለየት ሲጀምር፣ ታሞ ሌሊቱን ሲያቃስት ግን የሚፈልገው የለም፤ በራሱ ፈቃድ ቢመጣም እንኳ ‹‹አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?›› በሚል ዓይን ይታያል። ልጁ የአባቱን ኮቴ ሲሰማ ወደ ጓዳ ቢገባ ታዲያ ምን ይገርማል?

ድሬዳዋ ‹‹አንቱ›› የማይበዛባት ከተማ ናት። በሌላው አካባቢ ልጅ አባቱን አንቱ እያለ ሲያድግ፣ የእኛ ልጅ ‹‹አንተ›› ብሎ፣ ሲመቸውም ‹‹አቦ›› ብሎ ያናግረዋል፤ ይህን የሰማ እንግዳ በአባትና በልጅ መካከል ምንም ርቀት የሌለ ይመስለዋል። ርቀቱ ግን በአንደበት የሚታወቅ አይደለም። የእኔ አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከወርክሾፑ ሲመለስ እጁ ግራሶ ይሸታል። ደመወዝ በተቀበለ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙሸበክ የሚባል ጣፋጭ ይዞ ይገባና፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድም ቃል ሳይናገር በረንዳ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። እኛም ሙሸበኩን ከጨረስን በኋላ ዘይት የጠጣውን ጋዜጣ ወደ ብርሃን ይዘን እያነበብን እንሳሳቅ ነበር። ያ ሙሸበክ ፍቅሩ እንደነበረ የገባኝ ራሴ አባት ከሆንኩ በኋላ ነው። አርጅቶ አልጋ ላይ በዋለበት ወራት አንድ ቀን እጄን ይዞ፣ ‹‹አንተ ሒሳብ መውደድ የጀመርከው ስንተኛ ክፍል ሆነህ ነበር?›› ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሒሳብ ወድጄ አላውቅም። ሒሳብ የሚወደው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ‹‹አምስተኛ ክፍል›› ብዬ መለስኩለት።

ለጤና ቢሮው የምለውን ከራሴ ገጠመኝ ልጀምር። የመጀመሪያ ልጄ የ45 ቀን ክትባት በደረሰ ጊዜ ባለቤቴ ታማ ስለነበር ሕፃኗን ታቅፌ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ መጥቀስ አልፈልግም፤ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላም ብሄድ የተለየ ነገር ይገጥመኝ ነበር ብዬ አላምንም። በሩ ላይ ጥበቃው ‹‹ወንድ ውጭ ነው የሚጠብቀው›› አለኝ። ሕፃኗን ገልጬ ሳሳየው ‹‹እናቷስ?›› አለ። ከብዙ ንግግር በኋላ ስገባ በረጅሙ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት እናቶች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከአጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ግን ሕፃኗን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። እናቷ የሞተችባት መስሏቸው ነበር። ከጣሪያው በተንጠለጠለው ሚዛን ለማስመዘን ያንን ሱሪ የመሰለ ማንጠልጠያ ሳለብሳት ሁለቱንም እግሮቿን በአንድ ቀዳዳ ከትቼ ስታገል ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ አልከፋኝም። የከፋኝ ከክትባቱ በኋላ ነርሷ ፊቷን ከካርዱ ላይ ሳታነሳ ‹‹ሌሊት ሊያተኩሳት ይችላል፤ ምን እንደምታደርግ ለእናቷ እነግራታለሁ፣ ስትድን ትምጣ›› ማለቷ ነው። ያን ሌሊት ሕፃኗ ያተኮሳት በእኔ እቅፍ ውስጥ ሆና ነበር፤ ለእኔ ግን የተነገረኝ ነገር አልነበረም።

ነርሷን አልወቅስም፤ በዚያ ሙቀት ስንት ሕፃን ስትከትብ እንደዋለች አይቻለሁ። ነገር ግን አንድ ሕፃን እንደተወለደ፣ በ45 ቀኑ፣ በሁለት ወር ተኩሉ፣ በሦስት ወር ተኩሉ፣ በ9 ወሩና በ15 ወሩ፣ ቢያንስ 6 ጊዜ ለክትባት ይቀርባል። ከእነዚህ ስድስት ቀኖች በአንዱ እንኳ አባት ተገኝቶ ልጁን ራሱ ቢያስመዝን፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ራሱ ቢሰማ፣ ልጁ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያውቅ አባት ይሆናል። ለሥራው ስል አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በጉልበቱ የሚያድር አባት በሥራ ቀን ጠዋት መምጣት አይችልም፤ በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የክትባት አገልግሎት ቢሰጥና ለጥበቃዎችም አባት እንዳይከለከል ቢነገራቸው፣ ይህ ብዙ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም።

ከክትባቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። የጤና ባለሙያዎች እናቶች በወሊድ ጊዜ ለምን እንደሚሞቱ ሲያስረዱ ‹‹ሦስቱ መዘግየቶች›› የሚሉት ነገር አለ፦ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ መወሰን መዘግየት፣ ከተወሰነ በኋላ መድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ማግኘት መዘግየት። ሦስተኛው የእናንተ የቢሮዎቹ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ግን ብዙውን ጊዜ በየቤቱ በአባት እጅ ላይ ነው ያለው፤ ገንዘቡ በእርሱ ኪስ ነው፣ በእኩለ ሌሊት ባጃጅ የሚጠራውም እርሱ ነው። ይህ ሰው ነፍሰ ጡር ሴት ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካተኮሳት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ነገ ጠዋት የሚባል ነገር እንደሌለ ማን ነገረው? ባለቤቱ በቅድመ ወሊድ ክትትሏ ጊዜ ተነግሯታል፤ ነገር ግን ምልክቱ በሚመጣበት ሰዓት እርሷ ራሷ ታማለች። የተማረችው እርሷ፣ የሚወስነው እርሱ ሆኖ ይቀራል። የተወለደ ሕፃንም ጡት አልጠባ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ እንደዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ግዴታዬ ነው። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች አባቶችን ለመሳብ ሲባል ከባሏ ጋር የመጣች ነፍሰ ጡር ቅድሚያ እንድታገኝ ተደርጎ፣ ባል የሌላት፣ ባሏ በሥራ የራቀ ወይም ከባሏ ጋር ያልተስማማች ሴት ወረፋው መጨረሻ ላይ የቀረችበትና ከነጭራሹም ወደ ክትትሉ መምጣት የፈራችበት ጊዜ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ወንዶችን ማሳተፍን ሲደግፍ፣ የሴቷ ምርጫና ውሳኔ መከበር አለበት ሲል አስሮታል። አባት የሚጠራው እናት ስትፈቅድ ነው። በምጥ ጊዜም ቢሆን አብሯት የሚሆነው እርሷ የመረጠችው ሰው ነው፤ እናቷን ወይም እህቷን ከመረጠች እርሱ ውጭ ሆኖ ባጃጁን ይጠብቅ፤ ይህም ሥራ ነው። እርሱን ከመረጠች ደግሞ ‹‹ሌሎች እናቶች አሉ›› ተብሎ እንዳይመለስ በአልጋዎች መካከል አንድ መጋረጃ ይበቃል።

ክብደታቸው ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሆነው የሚወለዱ ሕፃናትንም በዚሁ አንሱልኝ። እነዚህን ሕፃናት በወላጅ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርጎ ማቆየት ሙቀታቸውን እንደሚጠብቅና ነፍሳቸውን እንደሚያተርፍ የታወቀ ነው። ደረቱ የግድ የእናት መሆን የለበትም። እናት በደከመችበት፣ በቀዶ ሕክምና በወለደችበት ወይም መታጠብ ባማራት ሰዓት የአባት ደረትም ያሞቃል። ይህን የሰማ ስንት የድሬ አባት አለ?

ሕጉ ከልማዳችን ቀድሞ ሄዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በከተማችን ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ለውጦ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው፣ በጋብቻቸውም ውስጥ የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት በጋራ ሁለቱ እንደሆኑ ደንግጓል። አንድ ጊዜ በወላጆች ስብሰባ ላይ ‹‹በሕጉ አባት ሞግዚት ነው›› ብዬ ብናገር ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ በሰፈራችን ‹‹ሞግዚት›› የሚባለው በደመወዝ ተቀጥራ ሕፃን የምትይዝ ልጅ ብቻ ናትና። ሳቁ ሲበርድ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው ‹‹ታዲያ ማነው የሚከፍለኝ?›› አሉ፤ ሳቁ እንደገና ቀጠለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የደነገገው፣ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት፣ እናትን ብቻ ነጥሎ የሚናገር አይደለም።

አሠሪዎችን በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ባለቤቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት። ቀድሞ የነበረው የ1996ቱ አዋጅ ለአባት እንዲህ ያለ ፈቃድ አልነበረውምና 3 ቀን ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱ ቀናት እንዴት እንደሚያልቁ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ቀን በጤና ተቋም ደጅ ያልፋል፤ አንዱ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤና ዶሮ ፍለጋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ያልቃል፤ ሦስተኛው እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እንኳን በሰላም ተገላገለች የሚለውን ጠያቂ በመቀበል ይመሻል። ሕፃኑን ለመያዝ የተረፈ ሰዓት የለም፤ ቢተርፍም አክስቶቹና አማቱ ‹‹ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ያደርጋል?›› ብለው ያስወጡታል። ሕጉ ከ3 ቀን በታች እንዳይሰጥ አለ እንጂ አሠሪ እንዳይጨምር አልከለከለም። በከተማችን ብዙ ሠራተኛ የያዙ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች አሉ፤ አንዱ ቀድሞ አንድ ሳምንት ቢሰጥ፣ ወይም አባት በሕፃኑ የክትባት ቀን ግማሽ ቀን እንዲወጣ ቢፈቅድ፣ ሌላውም ያየዋል። ለባጃጅ ሹፌሩ፣ ለቀን ሠራተኛውና ለተሸካሚው ግን አዋጁ ብዙውን ጊዜ አይደርስላቸውም፤ ለእነርሱ የሚደርስላቸው እድር ነው። እድር ለቀብር ሦስት ቀን አብሮ ይውላል፤ ልጅ ለተወለደለት የቀን ሠራተኛ አባል የሁለት ቀን ገቢውን የሚያግዝ ትንሽ ድጋፍ በመተዳደሪያ ደንቡ ቢጨመር፣ ሰብሳቢዎቻችን የሚቃወሙ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኔ ወደ መምህሩ ጥፋት ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል ሳስተምር፣ አባቶችን ያለ ጥፋት ልጥራቸው ብዬ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማስታወሻ ሰጠሁ። ‹‹የተከበሩ አባት፣ ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት በልጅዎ ክፍል እንድንገናኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጅዎ ምንም ጥፋት የለበትም›› ይላል። በማግስቱ አንዱ ልጅ ግራ ጉንጩ አብጦ መጣ። ምን ሆንክ ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው ነው የነገረኝ። ልጁ ማታ ቤት ሲገባ ወረቀቱን ከቦርሳው ከማውጣቱ በፊት ‹‹ቲቸር አባትህ ይምጣ ብሏል›› አለ። ያለው ይህን ብቻ ነው። ጥፊው ከንባቡ ቀደመ። እኔ ‹‹ጥፋት የለበትም›› የሚለውን ቃል ከታች፣ ከፊርማዬ አጠገብ ስጽፈው፣ አባት የሚነበብ ወረቀት እስኪያይ ድረስ እንደማይጠብቅ፣ ለዓመታትም እንደዚያ ያስተማርነው እኛው መምህራን እንደሆንን ልብ አላልኩም ነበር። ያ አባት ቅዳሜ ዕለት ከሁሉም ቀድሞ መጣ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ ‹‹ወረቀቱን በኋላ አነበብኩት›› አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ እኔም አልጨመርኩም።

በዚያ ቅዳሜ የመጡት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ ‹‹ምን አጠፋ?›› ወይም ‹‹ምን አጠፋች?›› ወንበሮቹ የአራተኛ ክፍል ልጅ የሚቀመጥባቸው ስለሆኑ የአንዳንዶቹ ጉልበት ጠረጴዛውን ከመሬት ያነሳው ነበር። ንግግር አላደረግሁም፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ እንዲያነብለት ብቻ ነገርኳቸው። ቀፊራ ዕቃ የሚሸከም አንድ አባት ነበር፤ ማንበብ አይችልም። ልጁ ጣቷን ከቃል ቃል እያሻገረች ስታነብለት፣ እርሱም የተሰነጣጠቀ ወፍራም ጣቱን ከእርሷ ጣት አንድ መስመር ዝቅ አድርጎ አብሯት ያሻግር ነበር። ገጹ ሲያልቅ መጽሐፉን ራሱ ገለጠላት።

የልጆቹ ውጤት በዚያው ዓመት ተመነጠቀ ብዬ አልዋሽም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ በሚወስደው መስመር የሚያሽከረክር አንድ አባት በመጣ ጊዜ ‹‹እኔ በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ነው ቤቴ የማድረው፤ ምን ላድርግ?›› አለኝ። ማታ ማታ በስልክ በድምፅ መልእክት ልጅህን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው አልኩት፤ ‹‹ውጤትህ ስንት ሆነ›› ሳይሆን ‹‹ዛሬ ምን አሳቀህ›› በለው። ይህ ምክር የእኔ ግኝት አይደለም፤ ባለቤቴ በእኔና በልጆቼ ላይ የሞከረችው ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቹን ሰብስቦ የሆነ ነገር ሲያወራና ሲያስቅ አየሁት፤ ቀርቤ ብሰማ ማታ ለአባቱ የሚነግረውን እየተለማመደ ነው።

ከአባቶች ጋር ያለንን ጉዳይ ሳልነካ ሁሉንም በቢሮዎች ላይ ብጥለው ግን ትክክል አይሆንም። ስለ በርጫ፣ ጫት ስለምንቅምበት ሰዓት፣ ላውራ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ስትጠብቁ እንደቆያችሁ አውቃለሁ። የማወራው ከፍራሹ ላይ ሆኜ እንጂ ከፍራሹ ርቄ አይደለም፤ እኔም ለረጅም ዓመታት ከምሳ በኋላ ያሉት ሰዓቶቼ እዚያው አልቀዋል። ቀትሩ ያቃጥላል፣ ከተማዋ ጭር ትላለች፣ ሰው ከሰው ጋር ይቀመጣል፤ ጨዋታው መልካም ነው፣ ብዙ ጠብም የታረቀው እዚያ ነው። ነገር ግን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንቁጠረው። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት፣ የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ የሚያወራው ሰው የሚፈልግበት ሰዓት ያው ነው። ምርቃናው ሲመጣ ለልጁ ሐኪም ቤት ያልገነባ፣ ውጭ አገር ያልላከው አባት የለም፤ ዕቅዱ ሁሉ ያማረ ነው። የታቀደለት ልጅ ግን በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ ብቻውን ማካፈል ከብዶት ተቀምጧል። ማታ ምርቃናው ሲወርድና ዝምታው ሲመጣ ደግሞ ልጅ ወደ አባቱ እንዳይጠጋ እናት በዓይኗ ታስጠነቅቀዋለች። ተዉት ብዬ ለማዘዝ አቅሙም ሥልጣኑም የለኝም። የምጠይቀው፣ ከሳምንቱ ሰባት ቀኖች ሁለቱን ከሰዓት በኋላዎች ለልጆቻችሁ እንድትሰጡ ነው። እኔ የጀመርኩት በአንድ ቀን ነው፤ ማክሰኞ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ራሴን አሞኝ፣ ተነጫንጬ፣ ልጆቼም ‹‹አባባ ዛሬ ለምን መጣህ?›› ብለውኝ ያለፈ ቀን ነበር።

የሃይማኖት አባቶቻችንም ቃላቸው ይሰማልና በዚህ ጉዳይ እንዲናገሩ እለምናለሁ። ነቢዩ ሙሐመድ የልጃቸውን ልጅ ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸው፣ ሐዋርያው ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ መምከሩ የታወቀ ነው። በእስልምና ለተወለደ ልጅ በሚታረድበት የአቂቃ ዕለት በሰባተኛው ቀን፣ የክርስትና ዕለትም ወንድ ልጅ በ40 ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ አባት በደስታ ሰው ሁሉ ፊት ይቆማል። ከዚያ ዕለት በኋላ ስለሚቀጥሉት ዓመታት አንድ ምክር ቢጨመርለት ጊዜው እርሱ ነው።

አባት የሌላቸውን ልጆች አልረሳሁም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ወላጅ የነጠቃቸው ልጆች ማስተማር ስጀምር ክፍሌ ውስጥ ነበሩ፤ ዛሬም አባታቸው የሞተባቸው፣ ለሥራ ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር የሄደባቸው፣ ከእናታቸው ጋር ተፋትቶ የራቃቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በማስታወሻው ላይ ‹‹አባት›› ከሚለው ቀጥዬ ‹‹ወይም አያት፣ አጎት፣ ታላቅ ወንድም›› ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ልጅ ፀጉር አስተካካዩን ይዞ መጥቷል። ፀጉር አስተካካዩም ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው።

ለትምህርት ቢሮው ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። በየትምህርት ቤቱ በዓመቱ የመጀመሪያ ወር ውስጥ እያንዳንዱ አባት፣ ልጁ ምንም ሳያጠፋ፣ አንድ ጊዜ እንዲጠራና ስለ ልጁ አንድ መልካም ነገር እንዲነገረው መመሪያ ይውጣልን። ‹‹ጥፋት የለበትም›› የሚለው ቃል ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ በትልቁ ይጻፍ፤ በአማርኛ ብቻም ሳይሆን በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛም ጭምር፣ አባቱ በሚያነበው ወይም በሚነበብለት ቋንቋ። ለልጁም ‹‹መጀመሪያ ወረቀቱን ስጠው፣ ከዚያ ተናገር›› ተብሎ ይነገረው። ለጤና ቢሮው የጠየቅሁት ከላይ አለ፦ በወር አንድ ቅዳሜ ክትባት፣ በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ እናት ከፈቀደች አባትም ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠርቶ የአደጋ ምልክቶቹን እንዲማር፣ ሕፃን ይዞ የመጣ ወንድ በር ላይ እንዳይመለስ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮው ደግሞ ይህን ሥራ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አድርጎ እንዳይመለከተውና በሚያዘጋጃቸው የምክክር መድረኮች ላይ አባቶችንም በስማቸው እንዲጠራ እለምናለሁ።

በእኛ ክፍል የዚህ ዓመት የመጀመሪያው የአባቶች ቅዳሜ በጥቅምት ወር ይሆናል። ከቢሮዎቹ አንድ ሰው መጥቶ ቢያይልን ደስ ይለናል፤ ጥበቃው ማንንም ‹‹ለምን መጣህ?›› እንዳይል ተነግሮታል፣ ትልልቅ ወንበሮችም ከመምህራን ማረፊያ ክፍል እናወጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህርና የሦስት ልጆች አባት
ድሬዳዋ